«ፍጥነት»፦ ለሁለት ጌታ ያደረ ቃል

ሙያዊ ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለስ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው ለአንድ እንግዳ ቃል አንድ አገርኛ አቻ በመገኘቱ ነው። ይሁንና ለሁለት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦች አንድ ቃል ብቻ ሲቀርብ የሚደርሰው ጉዳት፥ ቃል ጨርሶ ካለመገኘቱ የከፋ ነው። ቃል የጠፋ እንደ ሆነ አንባቢው ይጠይቃል፤ አንድ ቃል ለሁለት ያደረ እንደ ሆነ ግን የተረዳ መስሎት ያልፋል። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ችግር በአንድ አጭር ትርጉም ላይ ተመርኩዞ ለመመርመር የታሰበ ነው።

ለሂስ የመረጥነው አንድን የኤሌክትሪክ የስፖርት መኪና በልዩ ልዩ ዐይነቶቹ እያነጻጸረ የሚያቀርብ ባለ ሁለት ገጽ የአማርኛ መግለጫ ነው። ከእጃችን የገባው በጉለሌ፥ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ዳር ከሚገኝ አንድ የመኪና ዕቃ መሸጫ ቤት ነው። ተርጓሚው ስሙን አላሰፈረም፤ እኛም ያሳተመውን ወገን አንጠቅስም፤ ሂሳችን በቃል አጠቃቀም ላይ እንጂ በሰው ላይ አይደለምና። ተርጓሚው የታየበትን ስሕተት ብዙዎቻችን ስንሠራው የኖርን በመሆኑም፥ የምንነቅፈው በከፊል ራሳችንን ነው ለማለት ይቻላል።

እንዲህ ያለ ወረቀት የመዝገበ ቃላት ሠራተኞችን ጊዜ ሊወስድ አይገባውም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. አትሌት ኀይሌ ገብረ ሥላሴ ያቋቋመው ማራቶን ሞተር እዚሁ አገር የተገጣጠመ የኤሌክትሪክ መኪና ለሕዝብ ማቅረቡ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑ የሚታወስ ነው። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማችን እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። ዕቃው ከነቃሉ ነው የሚመጣው፤ ቃሉን ተቀብሎ በቦታው የሚያስቀምጥ ከሌለ፥ ገበያው እንደ ተመቸው ያስቀምጠዋል። በገበያ የተተከለን ቃል ደግሞ በኋላ በኮሚቴ መንቀል ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ የሙያው ሰዎች ያውቁታል።

በቅድሚያ የትርጉሙን መልካም ጎን ልንመሰክር ይገባናል። ተርጓሚው እንግዳ ቃላትን እንዳሉ እያጋበሰ አላለፈም። መኪናው ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ እንደ ማመንጫ ሆኖ ባትሪውን የሚሞላበትን አሠራር «ሲይዙት ኀይል የሚመልስ ፍሬን» ብሎታል። ይህ ቃል በቃል ያልተገለበጠ፥ የነገሩን አሠራር አውቆ የተናገረ አገላለጽ ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርድ ነጂ መዝገበ ቃላት ሳያገላብጥ ይረዳዋል። እንዲህ ያለ ማስተዋል ያለው ተርጓሚ በዋናው ነገር ላይ መሰናከሉ ነው የጉዳዩን ክብደት የሚያሳየው።

መኪናው ፖርሽ ታይካን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ለዓለም ሲቀርብ የቀደሙት ሁለት ዐይነቶች «ቱርቦ» እና «ቱርቦ ኤስ» የተባሉት ነበሩ፤ ጥቂት ቆይቶ «4ኤስ»፥ በ2021 ደግሞ በኋላ ጎማዎቹ ብቻ የሚነዳው መነሻ ዐይነት ተከተሉ። ፋብሪካው በዚያን ጊዜ በሰጠው መግለጫ መሠረት፥ ከቆሙበት ተነሥተው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ መነሻው ዐይነት 5.4፥ 4ኤስ 4.0፥ ቱርቦ 3.2፥ ቱርቦ ኤስ 2.8 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። ሊደርሱበት የሚችሉት ከፍተኛ ፍጥነት ለመነሻው ዐይነት በሰዓት 230፥ ለ4ኤስ 250፥ ለቱርቦና ለቱርቦ ኤስ 260 ኪሎ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታደሱት መኪኖች ቁጥሮች ከእነዚህ ይለያሉ፤ የምንመረምረው መግለጫ የተመሠረተው ግን በፊተኞቹ ላይ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንሻለን። የቱርቦና የቱርቦ ኤስ ከፍተኛ ፍጥነት እኩል ነው። በዘወትር አነዳድ የሚሰጡት ኀይልም እኩል 460 ኪሎ ዋት ነው። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚወጣው ነጂው ልዩውን የመነሻ ሥርዓት አዝዞ ከቆመበት ሲነሣ ነው፤ ያን ጊዜ ለጥቂት ሰከንድ ቱርቦ እስከ 500፥ ቱርቦ ኤስ እስከ 560 ኪሎ ዋት ይሰጣሉ። እንግዲህ ሁለቱን መኪኖች በዋነኛነት የሚለየው የሚደርሱበት ፍጥነት ሳይሆን ወደዚያ ፍጥነት የሚያድጉበት መጠን ነው። በአማርኛው መግለጫ ውስጥ ስም ያጣው ይኸው መጠን ነው።

መግለጫው በመጀመሪያው ገጽ «የቱርቦ ኤስ ፍጥነት ከቱርቦ ፍጥነት ይበልጣል» ይላል። በሁለተኛው ገጽ ሠንጠረዥ ውስጥ ደግሞ «ፍጥነት፦ ቱርቦ 260፥ ቱርቦ ኤስ 260» ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱ አነጋገሮች በአንድ ወረቀት ላይ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ተርጓሚው በሐሳቡ አልተሳሳተም፤ በመጀመሪያው ስፍራ ያሰበው የፍጥነትን ጭማሪ፥ በሁለተኛው ስፍራ ያሰበው ራሱን ፍጥነትን ነው። አንባቢው ግን የተርጓሚውን ሐሳብ አያይም፤ የሚያየው ቃሉን ነው። ቃሉም በሁለቱም ስፍራ አንድ ነው።

«ፍጥነት» ከግእዙ «ፈጠነ» የወረደ፥ ሕዝብ የለመደው ቃል ነው። በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚሸፈነውን ርቀት ያመለክታል፤ መለኪያውም ሜትር በሰከንድ ወይም ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ይህ ቃል ቦታውን በሚገባ ይዟል፤ በመንገድ ምልክቱም፥ በትራፊክ ደንቡም፥ በትምህርት ቤቱም ተተክሏል። ሁለተኛው ጽንሰ ሐሳብ ግን ፍጥነት ራሱ በጊዜ ውስጥ የሚያሳየው ለውጥ ነው፤ መለኪያውም ሜትር በሰከንድ በሰከንድ ነው። ሰከንዱ ሁለት ጊዜ መቆጠሩን ልብ ይሏል። ተማሪ እነዚህን ሁለት መጠኖች ለይቶ እስኪያውቅ ድረስ የእንቅስቃሴን ሕግ ገና አልጀመረም። ተርጓሚም ለሁለቱ ሁለት ቃል እስኪያገኝ ድረስ ስለ እንቅስቃሴ ለመተርጐም ገና አልተዘጋጀም።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የባሰ ነው። በሠንጠረዡ አንድ ዐምድ ላይ «የመነሻ ፍጥነት» በሚል ርእስ ሥር 5.4፥ 4.0፥ 3.2 እና 2.8 የሚሉት ቁጥሮች ያለ መለኪያ ተደርድረዋል። አማርኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ሲያይ ምን ይረዳል? ፍጥነት ሲበዛ ቁጥሩ እንደሚበዛ ከመንገዱ ምልክት ያውቃል። ስለዚህ 5.4 ያለው ከሁሉ ይልቅ ፈጣን፥ 2.8 ያለው ከሁሉ ይልቅ ዘገምተኛ ይመስለዋል። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቁጥሮቹ ፍጥነትንም የፍጥነትን ጭማሪም አይለኩም፤ የሚለኩት ጊዜን ነው። በጊዜ ሲለካ ደግሞ ያነሰው ይቀድማል። ዋናው ጽሑፍ በተጻፈበት ቋንቋ አንባቢው በልማድ የሚያውቀውን ነገር፥ አማርኛው በግልጽ ሊናገረው ይገባ ነበር። «ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ፥ በሰከንድ» ቢባል ርእሱ ይረዝማል፤ ነገር ግን ማንንም አያሳስትም።

ጭማሪውን ራሱን ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 27.8 ሜትር ያህል ነው። ይህን ለጊዜው ስናካፍል መነሻው ዐይነት በአማካይ 5.1፥ 4ኤስ 6.9፥ ቱርቦ 8.7፥ ቱርቦ ኤስ 9.9 ሜትር በሰከንድ በሰከንድ ይጨምራሉ። ከገደል አፋፍ የተለቀቀ ድንጋይ በመሬት ስበት የሚጨምረው 9.8 ነው። እንግዲህ ቱርቦ ኤስ በሜዳ ላይ ወደ ፊት የሚሄደው ድንጋይ ወደ ታች በሚወድቅበት አኳኋን ነው ማለት ነው። «የመነሻ ፍጥነት 2.8» የሚለው አነጋገር ከዚህ ሁሉ የሚያስተላልፈው አንዳች ነገር የለም።

ሦስተኛው ስሕተት ከቃል አልፎ ወደ ቁጥር ይዘልቃል። መግለጫው በሌላ ስፍራ የቱርቦ ኤስን ቁጥር 2.6፥ የቱርቦን 3.2 ያደርገዋል። ይህ ከየት እንደ መጣ መገመት አያዳግትም፤ በአሜሪካ የሚሰጠው ቁጥር እስከ 60 ማይል በሰዓት የሚፈጀውን ጊዜ ያመለክታል፤ 60 ማይል ደግሞ 96.6 ኪሎ ሜትር ያህል እንጂ 100 አይደለም። ተርጓሚው አንዱን ቁጥር ከማይል፥ ሌላውን ከኪሎ ሜትር ወስዶ ጎን ለጎን ስላስቀመጣቸው 0.4 ሰከንድ የነበረው ልዩነት 0.6 ሆነ። ይህም በእጅጉ ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍለው መኪና ካለው ብልጫ በላይ ብልጫ ያለው አስመሰለው። ቁጥር አይተረጐምም የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ቁጥር ከነመለኪያውና ከነወሰኑ ካልተተረጐመ፥ ከቃል ይልቅ ይዋሻል።

አሁን ወደ ቃል ምርጫው እንመለስ። ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ በጽሑፍም በንግግርም ሲቀርቡ ከምናገኛቸው መካከል ሦስቱን እንመዝን።

የመጀመሪያው «ሽምጠጣ» ነው። ቃሉ ከፈረስ ግልቢያ፥ «ሽምጥ ጋለበ» ከሚለው አነጋገር የተወሰደ በመሆኑ ወዝ አለው፤ ጆሮም ይቀበለዋል። ሆኖም ሁለት እንከን ይታይበታል። ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ የሚሮጥ ፈረስ ነው፤ ስለዚህ ቃሉ ይበልጥ የሚያመለክተው ከፍተኛውን ፍጥነት እንጂ ወደዚያ የሚወስደውን ጭማሪ አይደለም። ደግሞም «ሸመጠጠ» ቅጠልን ከቅርንጫፉ በእጅ ስቦ ማራገፍን ስለሚያመለክት፥ ቃሉ ሌላ ሥራ ላይ ተይዟል። በፊዚክስ መጠኑ ሊቀንስም ይችላል፤ ፍሬን የተያዘ መኪና ፍጥነቱ ስለሚለወጥ በዚሁ ስም ይጠራል። «አሉታዊ ሽምጠጣ» ብሎ ለመናገር ግን አንደበት ይከብዳል።

ሁለተኛው የስፖርት ዘጋቢዎችና የተመልካቹ ሕዝብ ስጦታ ነው። «ማርሽ ቀየረ» የሚለውን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ጥቂት ነው። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሎምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ያሸነፈው ምሩጽ ይፍጠር «ማርሽ ቀያሪው» የተባለው በመጨረሻው ዙር ከሌሎቹ መካከል በድንገት ተፈትልኮ በመውጣቱ ነው። ሕዝቡ ፍጥነትንና የፍጥነትን ጭማሪ ለይቶ እንደሚያውቅ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም። ዙሩን ሁሉ እኩል የሚሮጠውን «ፈጣን» አለው፤ በድንገት የሚጨምረውን ግን በሌላ ስም ጠራው። ይሁን እንጂ አነጋገሩ ዘይቤ ነው፤ መለኪያ ሊገጠምለት አይችልም። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ሲመጣ ደግሞ ግራ ያጋባል፤ አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች የሚቀየር ማርሽ የላቸውምና። ታይካን የኋላ ሞተሩ ሁለት ማርሽ ስላለው በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ ይለያል፤ ስለዚህ «ታይካን ማርሽ ቀየረ» የሚል ዐረፍተ ነገር ዘይቤ ይሁን እውነት አንባቢው ሊለየው አይችልም።

ሦስተኛው «ፍጥንጥነት» ነው። አማርኛ «በተነ» ከሚለው «ብትንትን»፥ «ሰበረ» ከሚለው «ስብርብር» እንደሚያወጣ ሁሉ፥ ይህም የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊደላት በመድገም ከ«ፈጠነ» የወጣ ነው። እንዲህ ያለው ድግምግሞሽ በቋንቋችን የድርጊትን መደራረብ ያመለክታል። መለኪያው «ሜትር በሰከንድ በሰከንድ» ተብሎ ሰከንዱ እንደሚደገም ሁሉ፥ ቃሉም ሥሩን ይደግማል፤ በፍጥነት ላይ ፍጥነት ሲጨመር ቃሉ ራሱ ይናገራል። ከ«ፍጥነት» ጋር ያለው ዝምድናም አይጠፋም። እንከኑ ደግሞ ከዚሁ ዝምድና ይመነጫል፤ አራሚ አንዲት «ጥን» ቢዘል «ፍጥንጥነት» ተመልሶ «ፍጥነት» ይሆናል። በንግግርም አፍ ላይ ጠንከር ይላል። ከሦስቱ ግን መጠን ሊሰፈርበት፥ ቅጽል ሊቀጠልበት፥ በአሉታም በአዎንታም ሊነገር የሚችል እርሱ ብቻ ስለ ሆነ፥ በበኩላችን ለሙያ ጽሑፍ እርሱን እንመርጣለን። ስሕተትን ለመከላከልም፥ ቃሉ መጀመሪያ በሚጠቀስበት ስፍራ መለኪያው አብሮ ይጻፍ እንላለን።

መግለጫው ሌሎች አከራካሪ ቃላትም አሉት። የመኪናውን ዐይነቶች «እትሞች» ይላቸዋል፤ እትም የማተሚያ ቤት ቃል ነው፤ መኪና አይታተምም። አንዳንዶች «ስሪት» ይላሉ፤ ቃሉ ከ«ሠራ» ጋር መዛመዱ መልካም ሆኖ ሳለ፥ «የመሬት ስሪት» በሚለው አነጋገር ሌላ ትርጉም ይዞ ኖሯል። «ዐይነት» የሚለው ቃል ማንንም ሳያስቸግር ይበቃል። «ቱርቦ» የሚለውንም ተርጓሚው «ባለ ተርባይን» ሲል መልሶታል። ይህ በትጋት የተፈጸመ ስሕተት ነው። ቱርቦ በነዳጅ ሞተር ላይ በጭስ ግፊት እየተሽከረከረ አየር የሚያምቅ መሣሪያ ነው፤ በኤሌክትሪክ መኪና ጭስም፥ የሚታመቅ አየርም፥ ይህ መሣሪያም የለም። ፋብሪካው ስሙን የያዘው ከቀድሞ መኪኖቹ በወረሰው የማዕረግ ልማድ ነው። ተርጓሚ የማዕረግን ስም ከነገር ስም መለየት አለበት።

የኤሌክትሪኩን መኪና መርገጫ «ነዳጅ መስጫ» ማለቱንስ ምን እንበለው? በመኪናው ውስጥ ነዳጅ የለም። ነገር ግን ይህን እንደ ከባድ ጥፋት አንቆጥርም። ነጂዎቻችን ከጣሊያንኛ በወረሷቸው በ«ፍሬን»፥ በ«ፍሪሲዮን» እና በ«ካምቢዮ» መካከል ይህን አገርኛ ቃል አቁመዋል፤ ነገሩ ቢለወጥም ቃሉ የት እንደሚረገጥ ያሳያል። ፈረስ ከቀረ በኋላም «የፈረስ ጉልበት» እንላለን። የሞተ ነገር ስም በሕያው ነገር ላይ መቅረቱ በየቋንቋው ያለ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ለአዲሱ ነገር ትክክለኛ ስም ለሚሻ ግን ከ«አፋጠነ» የሚወጣው «ማፋጠኛ» ዝግጁ ነው። የሚጎዳው ግን ሁለት ሕያዋን ነገሮች በአንድ ስም ሲጠሩ ነው። በዚህ ሂስ ልንለየው የፈለግነውም ይህንኑ ነው።

ጉዳቱ የፊደል ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት ወደ ጉለሌ መመለስ ይበቃል። ሽሮ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፥ በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በዚህ አየር ኀይሉ ይቀንሳል፤ በባሕር ዳርቻ የተለካለትን ፍጥንጥነት ወደ እንጦጦ ሲወጣ አያገኘውም። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማያቃጥል በከፍታው ምክንያት አይደክምም። ዕድሜውን በቤንዚን መኪና ያሳለፈ የአዲስ አበባ ነጂ፥ እግሩ የለመደው የደከመ ሞተር ነው። ያንኑ እግር በኤሌክትሪኩ መርገጫ ላይ ሲያሳርፍ ምን እንደሚጠብቀው የሚነግረው መግለጫው ብቻ ነው። መግለጫውም የሚነግረው «ፍጥነት 260» ብሎ ነው።

260 በዚያ መንገድ ላይ ከንቱ ቁጥር ነው፤ ማንም አይደርስበትም፤ ቢደርስም ሕግ ይከለክለዋል። 2.8 ግን ከንቱ አይደለም። ጭማሪው እኩል ነው ብንል፥ ቱርቦ ኤስ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 1.4 ሰከንድና 10 ሜትር ያህል ይበቃዋል። ዐሥር ሜትር ከጥበብ ልብስ መሸጫው ደጃፍ እስከ መሻገሪያው ድረስ ያለ ርቀት ነው። ነጂው የፍጥነት ወሰኑን አላለፈም፤ ደንብም አልጣሰም፤ የሚሻገረው እግረኛ ግን በልማዱ የገመተውን ጊዜ አላገኘም። የመንገዱ ምልክት የሚቈጣጠረው ፍጥነትን ነው፤ ፍጥንጥነትን የሚቈጣጠረው የነጂው ዕውቀት ብቻ ነው። ስም ለሌለው ነገር ደግሞ ማስጠንቀቂያ መጻፍ አይቻልም። ተርጓሚው «ፍጥነቱ ከፍተኛ ስለ ሆነ ይጠንቀቁ» ብሎ ጽፏል፤ ነጂውም «እኔ በዝግታ ነው የምነዳ» ብሎ ያልፈዋል።

እንግዲህ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። «ፍጥነት» ለፍጥነት ብቻ ይቀመጥ። የፍጥነትን የለውጥ መጠን «ፍጥንጥነት» ብለን ከነመለኪያው እንጻፍ። እስከ ተወሰነ ፍጥነት ለመድረስ የሚፈጀውን ሰከንድ «ጊዜ» እንጂ በሌላ ስም አንጥራው፤ ወሰኑም ማይል ይሁን ኪሎ ሜትር ይገለጽ። ለአጠቃላይ አንባቢ በሚጻፍ ጽሑፍ «ፍጥንጥነት» የሚከብድ ከሆነ፥ «ፍጥነቱ የሚጨምርበት መጠን» ብሎ መዘርዘር ይቻላል፤ ዝርዝር አነጋገር ከተሳሳተ አጭር ቃል ይሻላል። የሙያ ቃላት ኮሚቴውም እነዚህን ሦስቱን በአንድ መዝገብ ጎን ለጎን ቢያቀርባቸው፥ ተርጓሚ አንዱን ሲፈልግ ሌሎቹን ሳያይ አያልፍም።

በዚህ መሠረት የመግለጫውን ዋና ዐረፍተ ነገር እንዲህ ብለን ብንመልሰውስ፦ «ቱርቦና ቱርቦ ኤስ ከፍተኛ ፍጥነታቸው እኩል፥ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ነው፤ ነገር ግን የቱርቦ ኤስ ፍጥንጥነት ስለሚበልጥ፥ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 2.8 ሰከንድ ሲፈጅበት ቱርቦን 3.2 ሰከንድ ይፈጅበታል።» ዐረፍተ ነገሩ ከቀድሞው ይረዝማል፤ እንግዳ ቃሉም አንድ ብቻ ነው። ገዢው የሚከፍልበትን፥ ነጂው የሚረግጠውን፥ እግረኛውም የሚጠነቀቅለትን ነገር ግን በየስሙ ይጠራል።